ጉሮሮዋ ውስጥ የቀሩ ቃላት

«ምላጭ» የሚለውን ስም ያወጣንለት እኛው የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች ነን። ሲሰማ ይከፋዋል ብለን ነበር፤ ጭራሽ ደስ አለው። እንደ ሹመት ቆጥሮት ደረቱን ነፍቶ ይሄድ ጀመር። አርታኢ ነበር፤ ለመታተም የሚመጣ ልብ ወለድ ሁሉ መጀመሪያ በእሱ እጅ ያልፋል። ሚስቱ ደግሞ አንባቢያችን ነበረች። ልነግራችሁ የተነሣሁት ስለ እሷ ነው። ግን እሱን ሳላነሣ እሷን ማንሣት አልችልም፤ ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችውም እንደዚያው ነው።

አንባቢ ስል ጋደም ብሎ መጽሐፍ የሚያገላብጥ ሰው እንዳይመስላችሁ። በኛ ቤት ማንበብ ደመወዝ ያለው ሥራ ነው። መጀመሪያ ምላጭ ረቂቁን ለብቻው ይዞ ይቀመጥና በወፍራም ጥቁር እስክርቢቶ የማይፈልገውን ያጠፋል። ያ እስክርቢቶ ያለፈበትን ቃል ወረቀቱን ወደ መብራት ብትዘረጉት እንኳ አታነቡትም። ከዚያ ረቂቁ ወደ እኔ ይመጣል፤ የተረፈውን በኮምፒዩተር ጽፌ፣ ለቀማ እንለዋለን፣ ገጽ አቀናጃለሁ። በመጨረሻ ባልና ሚስቱ ትንሿ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። እሷ ረቂቁን ይዛ ጮክ ብላ ታነባለች፤ እሱ የእኔን ገጽ በዓይኑ ይከተላል። ነጠላ ሰረዝ ጋ ስትደርስ በጣቷ ጠረጴዛውን አንዴ ትመታለች፣ አራት ነጥብ ጋ ሁለቴ። የኔ ጠረጴዛ ከስስ የእንጨት ግድግዳ ማዶ ስለነበር ያ ቤት ያሳተመውን ልብ ወለድ ሁሉ በእሷ ድምፅ ሰምቼዋለሁ።

ድምፅ ስላችሁ ደግሞ ድምፅ ነው። አንድ ጊዜ የመንጃ ፈቃድ መማሪያ መጽሐፍ ስታነብ ግድግዳው ማዶ ሆኜ ሥራዬን አቁሜ ስለ እግረኛው አዳመጥኩ። ሲያልቅ ጠርቼ «ሰውየው ተረፈ?» አልኳት። «ዜብራ ላይ እስካለ ድረስ ምንም አይሆንም» ብላ ሳቀችብኝ።

ምላጭ ምላጭ የሆነው ከአንድ ሥልጠና ሲመለስ ነው። ሥልጠናው ላይ ምን እንዳቀመሱት እንጃ፤ ብቻ ግሥን የሚያጅቡ ቃላትን ሁሉ ጥርስ ነክሶባቸው መጣ። በቀስታ፣ በቁጣ፣ ክፉኛ፣ ቶሎ፣ እየተቅለሰለሰ፤ ድርጊቱ እንዴት እንደተፈጸመ የሚናገሩትን ማለቴ ነው። ተውሳከ ግሥ ይላቸዋል፣ እንደ በሽታ ስም። «ጥሩ ግሥ ምርኩዝ አይፈልግም» ብሎ ጽፎ ከወንበሩ በላይ ለጠፈ። ከዚያ ወዲህ ቃሉን አያነበውም፤ ገና በቅርፁ ለይቶት እስክርቢቶው ያልፍበታል።

ሐቁን ልናገርና መጀመሪያ ላይ ጣቶቼ አመስግነውታል። «እጅግ በጣም በሚያስገርም ሁኔታ በድንገት ብድግ ብሎ ተነሣ» የሚል ደራሲ ስለቅም ስንት ቀን ሰድቤአለሁ። ሰውየው ተነሣ፤ አለቀ። በዚህ ምላጭ እውነት ነበረው። ክፋቱ፣ እውነት የነበረው በዚህ ብቻ መሆኑን የሚነግረው ጠፋ። የሚነግረው ሲገኝም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

የጦርነት ልብ ወለድ ስለሚጽፍ «ጄኔራሉ» የምንለው ደራሲ ነበር። አንድ ቀን የታረመ ረቂቁን አንጠልጥሎ ደሙ ፈልቶ ገባ።

«ወታደሬ በፍርሃት ነው የተኮሰው!» አለ። «አንተ ‹ተኮሰ› ብቻ አድርገህ ተውክልኝ። ፍርሃቱ እኮ ነው ታሪኩ!»

«ፍርሃቱን አሳየኝ እንጂ አትንገረኝ።»

«እሺ፤ ‹እየተንቀጠቀጠ ተኮሰ› ብዬ አሳየሁህ።»

«እሱም ያው ነው፤ ልብስ ቀይሮ መጣ እንጂ።»

«እንዴ! ሰው እንዴት እንደሚተኩስ ካልተነገረ ወታደሩንና አዳኙን በምን ልለያቸው?»

ምላጭ አልተቆጣም። ለእንዲህ ያለው ሙግት አንድ መልስ ነበረው፤ በፍትሐዊነቱም ይኮራ ነበር። «ዳኛው ጆሮዬ ነው» ይላል። «ባለቤቴ ታነባለች፤ አንተም ቁጭ ብለህ ትሰማለህ። የጎደለ ነገር ከተሰማኝ ቃልህን እመልስልሃለሁ።» ጄኔራሉ ቁጭ አለ። እሷ አነበበች። «ወታደሩ ተኮሰ» ስትል ግድግዳው ማዶ ያለሁት እኔ እንኳ ለቀማዬን አቆምኩ። ጄኔራሉ ረቂቁን እያሻሸ «እንዲህ ከሆነስ ይሁን» ብሎ ወጣ። መጽሐፉ ታትሞ ሰው እጅ በገባ ጊዜ ተመልሶ መጣ፤ በዚህኛው አልጮኸም። «ያቺ ሴት ያነበበችልኝ መጽሐፍ የት ሄደ?» ብሎ ብቻ ጠየቀ።  እዚያ ክፍል ውስጥ ተጠይቆ የተመለሰ አንድም ቃል የለም፤ እሷ እያነበበች ምን ሊጎድል?

እንግዲህ ይቺ ጓደኛዬ የራሷን መጽሐፍ ጻፈች። አንድ መጽሐፍ። ከሥራ በፊት፣ የማድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ለዓመታት፣ በእጇ። የሰው ታሪክ ስታነብ ኖራ የራሷ አንድ ነገር በዓለም ላይ እንዲቀር ፈለገች፤ ከዚህ ሌላ ምኞት ከአፏ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ረቂቁን አቅፋ ስትመጣ «እባክሽ ሌላ ማተሚያ ቤት ውሰጂው» አልኳት።

«ባሌ አርታኢ ሆኖ ሌላ ጋ ብሄድ ሰው ምን ይለኛል?» አለች።

«ሰው የሚለውንማ ተይው። እሱ የሚያደርገውን አስቢ።»

«የኔን እንኳ አስተውሎ ያየዋል» አለች። ያን ስትል ፊቷ ላይ የነበረውን እምነት ዛሬም አልረሳውም።

የእሷንም እንደ ማንኛውም ሰው ረቂቅ አየው። ረቂቁ ተመልሶ ሲመጣ ጥቀርሻ የለበሰ የማድ ቤት ግድግዳ ይመስል ነበር። በግድግዳው በኩል ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

«ይኼንን ለምን አጠፋኸው?»

«ሳይጻፍም ይሰማል።»

«ለማን?»

«ለሚያነበው ነዋ!»

«ሰው ቤቱ ተቀምጦ የሚያነበው እኮ እኔ አይደለሁም። አንተ የምትሰማው የኔን ጉሮሮ ነው። ስንቱን ሰው መጽሐፍ ያደረቅነው በኔ ጉሮሮ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ተጠቅልዬ አልገባ!»

«አትጋነኚ። ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው፤ ሚስቴ ስለሆንሽ አላዳላም። አንብቢልኝ፣ ከጎደለኝ እመልሰዋለሁ።»

በምሳ ሰዓት ያዝኳት። «ስሚኝ የኔ እህት፣ አሁን መድኃኒቱ እጅሽ ላይ ነው። ስታነቢለት ድርቅ አድርገሽ አንብቢው። እንደ ስልክ ቁጥር። ያኔ ብርዱ ይሰማዋል፤ በግዱ ይመልሳል።» ገባት። ሞከረችም። ብዙ ገጽ በዚያ በሞተ ድምፅ ሄደችና ምላጭ መቁነጥነጥ ጀመረ። ወንበሩ ሲንቋቋ ይሰማኛል። «ምነው ዛሬ ደከመሽ?» አላት ሁለት ሦስት ጊዜ። ትንሽ ብትቆይ ኖሮ ታሸንፍ ነበር።

ግን በሩ መጣ።

የመጽሐፉ ታሪክ ቀላል ነው። ለሁሉ ነገር ማብራሪያ ያለው ባል አለ። በተጣሉ ቁጥር ሻንጣውን አንሥቶ በር ላይ ይቆምና «ልሂድ?» ይላል። ሚስቲቱ ሁልጊዜ ትለምነዋለች። በመጨረሻ አንድ ቀን እንደ ልማዱ በር ላይ ቆሞ «ልሂድ?» ሲል፣ «ሂድ» ትለዋለች። ታሪኩ እዚያ ያበቃል። «ሂድ» የምትለው እንዴት ብላ እንደሆነ የሚናገር ቃል ነበረ፤ ከእኔ እጅ የደረሰው ግን ቃሉ ሳይሆን ጥቁሩ ነው። ጓደኛዬ እዚያ ጋ ስትደርስ ያን የሞተ ድምፅ ይዞ መቀጠል አቃታት። «ሂድ አለችው» ብላ አነበበች። ጣቷ ጠረጴዛውን ሁለቴ መታ።  ብቅ ብዬ ሳይ ምላጭ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ይጠርጋል።

«ይኸው!» አላት። «ቃሉ ምን ያደርጋል? ሁሉም ነገር እዚሁ አለ።»

በኋላ ምነው ብዬ ብቆጣት «አልቻልኩማ» አለችኝ። «ያቺን ሴት ስንት ዓመት ተሸክሜያት፣ በሩ ላይ ስትደርስ ሬሳ አድርጌ ላንብባት?» ምን ይባላል? የማንንም ቃል ገድላ አንብባ የማታውቅ ሴት የራሷን መግደል ከየት ታምጣው?

መጽሐፉ ወጣ። ማንም አልሰደበውም፤ ቢሰደብ ይሻል ነበር። «ሰዎቹ ድንጋይ ናቸው» አሉ። አንዱ «ሚስቲቱ ልብ የላትም እንዴ?» ብሎ ጋዜጣ ላይ ጻፈ። ቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ውስጥ አንባቢዎች ተሰብስበው ሲወያዩ ባልና ሚስቱ መድረኩ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። አንዲት ተማሪ ብድግ አለችና ሴትየዋ «ሂድ» ያለችው እንዴት ብላ እንደሆነ ደራሲዋን ጠየቀች። ደራሲዋ አፏን ስትከፍት ምላጭ ማይኩን አነሣው። «እያለቀሰች ነው» አለ። «ልቧ እየተሰበረ ነው። ይህ ሳይጻፍም የሚሰማ ነገር ነው፤ የሥነ ጽሑፍ ውበቱም እዚህ ላይ ነው።» ተጨበጨበለት። እሷ የቀረበላትን ውሃ ጠጣች። ሲወጡ እጄን ጨብጣ «ይብቃኝ» አለችኝ። ስለ ስብሰባው መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዲት መስመር አልጻፈችም። ሁለተኛ መጽሐፍስ ስላት «ደግሞ ለማን እስክርቢቶ?» ትለኝ ነበር።

የሰው ጽሑፍ ማንበቡን ግን ቀጠለች፤ ጉሮሮዋ እስኪታመም ድረስ። መጀመሪያ ጉንፋን ነው አለች፣ ከዚያ አቧራ ነው አለች። ሐኪሞቹ ስሙን ሲነግሯት ጊዜው አልፎ ነበር። ሕይወቷን ለማትረፍ ድምፅዋን ቆርጠው አወጡት። ያ ሁሉ መጽሐፍ የሞቀበት ጉሮሮ በፋሻ ተጠቅልሎ ሳየው ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ግድግዳውን በጡጫ መታሁት። ምላጭ ወንበር ላይ ተሸማቆ ቁጭ ብሎ ነበር። አልዋሽም፣ አዘንኩለትም።

በእሷ ቦታ የተቀጠረችው ሴት አውቶቡስ ጣቢያ የጉዞ ጥሪ የምታሰማ የነበረች ናት፤ እኛም «ጣቢያዋ» አልናት። ጎበዝ ሠራተኛ ነች፤ አንድ ፊደል አትዘልም። ብቻ ሙሽራም ትግባ፣ ሰው ይሙት፣ በሷ አፍ ሁሉም በሰዓቱ የሚነሣ አውቶቡስ ነው። ምላጭ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደራሲዎቹን ረገመ። «ምነው የዘንድሮዎቹ እንዲህ ደረቁ?» ይላል። እኔ አፌን በእጄ ይዤ ሰማሁት።

ሥራ አስኪያጁ አሮጌ መጻሕፍትን እንደገና እናውጣ አለና የጓደኛዬ መጽሐፍም ወረፋ ደረሰው። ጣቢያዋ አነበበች፣ ምላጭ ተከተለ። በሩ ጋ ደረሱ።

«ሂድ አለችው» አለች ጣቢያዋ። ጣቷም ጠረጴዛ አይነካም፤ «አራት ነጥብ» ትላለች በአፏ።

«እስቲ ድገሚው» አላት።

«ሂድ አለችው። አራት ነጥብ።»

«አይ፣ እንደሱ አይደለም። ስሜት ስጪው እንጂ!»

«የትኛውን ስሜት ጋሼ?» አለች ሴትየዋ ወረቀቱን ቀረብ አድርጋ እያየች። «እንዴት እንዳለችው አልተጻፈም እኮ።»

 ምላጭ ወጣና ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመ። ከንፈሩ አመድ መስሏል። «ሁሉንም አድርቄዋለሁ» አለኝ። «የስንቱን ሰው!» የእጅህን አገኘህ ልለው ምላሴ ላይ ነበር፤ ፊቱን ሳይ ዋጥኩት። ለጄኔራሉ ጊዜው አልፏል፣ ሰውየው ሞቷል። የሚስቱ መጽሐፍ ግን ገና ማተሚያው ላይ አልወጣም። ጥንት የጻፈችው ረቂቅ እንደ ሁሉም ረቂቅ መጠቅለያ ሆኖ አልቋል። ሥራ አስኪያጁን እስከ ሰኞ ታገሠኝ ብሎ ለመነና ገጾቹን ይዞ ቤቱ ሄደ።

ቅዳሜ ከሰዓት ልጠይቃት ስሄድ ባልና ሚስቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው እየሠሩ ደረስኩ። እሱ ያነባል፣ ቃል የጎደለ የመሰለው ቦታ ሲደርስ «በኩርፊያ? በችኮላ?» እያለ ይገምታል። እሷ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ካልተስማማች እርሳስ አንሥታ ቃሏን ትጽፋለች። አንዳንዴ ግምቱ ገደል ሲገባ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ያለ ድምፅ ትስቃለች፤ እሱም አብሯት ይስቃል። ደስ አለኝ። ከስንት ዘመን በኋላ ጠየቃት፣ መለሰችለት። ለአንድ ሰዓት ያህል ሁሉንም ነገር ይቅር ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ አልጠየቃትም። ይኼንን አውቀዋለሁ በሚል አኳኋን ቃሉን አስቀድሞ ጽፎት ነበር። አዙሮ አሳያት። «ሂድ» አለችው በእንባ።

አየችው። እርሳሱን አስቀምጣ የሱን ወፍራም እስክርቢቶ ከጣቱ መካከል መዘዘች። «በእንባ» የሚለው ላይ ልክ እንደሱ አድርጋ አሳለፈችበትና ከላዩ ጻፈች። በእፎይታ።

«እፎይታ?» አለ።

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ልታለቅሽ ነበር እኮ! ስታነቢው ድምፅሽን ሰምቻለሁ። እኔ ራሴ አልቅሼአለሁ።»

አሁንም በአዎንታ ነቀነቀች። ሳታለቅስ ቀርታ አልነበረም ለካ፤ ሰው ከታሰረበት ሲፈታም ያለቅሳል። እኔም ግድግዳው ማዶ ሐዘን ነበር የመሰለኝ። እንዲያ ያለ ድምፅ ተይዞ እንኳ ያ ቃል ካልተጻፈ ማንም አያገኘውም ነበር፣ ባሏም ጓደኛዋም።

«በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ እኔ . . . » ብሎ ጀመረና ተወው። ዓይኑ ከእሷ ወደኔ፣ ከኔ ወደ ወረቀቱ ተንከራተተ። እኔ ቦርሳዬን የምፈልግ መሰልኩ፤ ትከሻዬ ላይ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ገጾቹ ጠረጴዛዬ ላይ ደረሱ። ቃላቱ ተመልሰዋል። ጎረቤቲቱ በኩርፊያ ትናገራለች፣ ልጁ በችኮላ ይበላል፣ ፖስተኛው እንኳ የራሱን ቃል አግኝቷል። በሩ ጋ ስደርስ ወፍራም ጥቁር መስመር አየሁ። ከጥቁሩ ሥር ያለውን ቃል ሳውቅ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ገጹን ይዤ ሄድኩ።

«ይኼኛውስ?»

ቀና ብሎ አላየኝም። «ሳይጻፍም ይሰማል» አለ።

ደሜ ፈላ። እኔ ቃሉን ለቀምኩት፤ እሱ ፕሩፍ በምንለው የእርማት ቅጂ ላይ አገኘውና አጠፋው። ደግሜ አስገባሁት፤ ደግሞ አጠፋውና ፈረመበት። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄጄ ብጮኽ «ፈርሟል እኮ፣ ለአንዲት ቃል ባልና ሚስት መካከል አልገባም» አለኝ። መጽሐፉ እንደዚያው ታተመ።

የደራሲ ድርሻ የሆኑት ቅጂዎች በካርቶን ሲመጡ ወደ ቤቷ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። አንዱን አወጣች፤ ሽፋኑን እንኳ አላየችም፣ በቀጥታ መጨረሻው ገጽ ላይ ከፈተችው። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት እጇን አንሥታ አስቆመችኝ። እስክርቢቶ ፈለገች። አራት ነጥቡን ሰረዘችና ከጎኑ ቃሏን ጻፈች። ዘግታ አስቀመጠችው፣ ሁለተኛውን አወጣች። ከዚያ ሦስተኛውን። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ እሷም ሌላ እስክርቢቶ አቀበለችኝ። እየጻፍን ሳለን ምላጭ ከሥራ ገባ።

ኮቱን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆሞ አየን። የተከፈተውን መጽሐፍ አየ፣ ካርቶኑን አየ። ምን እየሠራን እንደሆነ መንገር አላስፈለገም። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ ግን አንዲት ትንሽ ልጅ የምታክል ድምፅ ነበር የወጣችው።

«እንግዲያው ልሂድ?» አላት።

ጓደኛዬ እስክርቢቶውን ሳታስቀምጥ ቀና አለች። ድምፅ የላትም። ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ፣ ሁለት ፊደል። እንዴት አድርጋ እንዳለችው ግን እኔ አይቻለሁ፤ እሱም አይቷል፤ ስለዚህ ይኼኛውን ሳልጽፈው አላልፍም።

«ሂድ» አለችው በእፎይታ።